ቅምሻና ማዕድ፤ ስለ ፊልም ማስታወቂያ

ወጥ የምትሠራ ባለሙያ ጨውና ቅመሙ መመጠኑን ለማወቅ ከድስቱ ጥቂት ቀንሳ በአጠገቧ ባለው ሰው መዳፍ ላይ ጠብ ታደርግለታለች። ቀማሹም «ደኅና ነው» ወይም «ጨው ያንሰዋል» ይላል እንጂ በዚያች ጠብታ በላሁ አይልም፤ እንዲያውም ቅምሻው ፍላጎቱን ቀስቅሶበት ማዕዱ እስኪቀርብ ድረስ ይቸኩላል። አዲስ ፊልም ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት ከፊልሙ ተቈራርጦና ተቀጣጥሎ የሚታየው፥ ፈረንጆች «ትሬይለር» የሚሉት አጭር ማስታወቂያ የተፈጠረበት ዓላማ ይኸው ነው። ስለዚህ ለዚህ ጽሑፍ ያህል «ቅምሻ» ብለን ብንጠራው የሚቀየመን አይኖርም።

በቅምሻው ላይ ዛሬ በየአገሩ የሚሰማው ቅሬታ ግን ቀማሹን አጥግቦ ይሰደዋል የሚል ነው። ሁለት ደቂቃ ተኩል በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የታሪኩን መነሻ፥ መካከሉንና መድረሻውን በተራ በተራ ያሳያል፤ የሚያስቀው ሁሉ በዚያው ይሳቅበታል፥ የሚያስደነግጠውም በዚያው ይደነገጥበታል፤ ከዚያ በኋላ ተመልካቹ ገንዘቡን ከፍሎ ሲገባ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ የሚጠብቀው አስቀድሞ ያየውን ነው። ቅሬታው እውነት ነውን? እውነትስ ከሆነ ጕዳቱ በምን ላይ ነው? አብዛኛው ሰው «መጨረሻው አስቀድሞ ስለሚታወቅ» ብሎ ይመልሳል። እኛ ግን ነገሩ መጨረሻን በማወቅና ባለማወቅ ብቻ የሚፈታ አይመስለንም።

የአጀማመሩን ታሪክ በአጭሩ እናስታውስ። በ1913 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ኒልስ ግራንሉንድ የተባለ፥ በኒው ዮርክ የማርከስ ሎው ትያትር ቤቶች የማስታወቂያ ሹም የነበረ ሰው፥ ለአንድ የሙዚቃ ትያትር መቀስቀሻ እንዲሆን ከልምምዱ የተነሣ አጭር ፊልም አዘጋጅቶ በሲኒማ ቤት አሳየ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያሉት ማስታወቂያዎች የሚታዩት ከዋናው ፊልም በኋላ ስለ ነበረ «ተከታይ» የሚል ትርጕም ያለው ስም ወጣላቸው። ፊልሙ ሲያልቅ ግን ሰው ሁሉ ባርኔጣውን አንሥቶ ይወጣ ስለ ነበር ከኋላ ተነሥተው ከፊት ተደረጉ፤ ስማቸው ብቻ እንደ ነበረ ቀረ። በ1919 የተቋቋመው ናሽናል ስክሪን ሰርቪስ የተባለው ኩባንያም ለብዙ ዓመታት በአሜሪካ የሚታየውን ቅምሻ አብዛኛውን ሲሠራና ሲያከፋፍል ኖረ። ከዚህ ታሪክ ለኛ ነገር የሚጠቅመው አንድ ነጥብ ነው፤ ይኸውም ወጡን የሚሠራው አንድ፥ ቅምሻውን የሚያቀምሰው ሌላ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ምሳሌው እንሂድ። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውን ፊልሞች ያላየና ሊያይ ያሰበ አንባቢ ቢኖር ጽሑፋችንን አቆይቶ ፊልሞቹን ቢያስቀድም አንቀየምም፤ ስለ ጕዳዩ ጕዳዩን ሳያነሡ መናገር አይቻልምና።) በ2000 ሮበርት ዜሜኪስ ያዘጋጀው «ካስት አዌይ» የተባለው ፊልም አውሮፕላኑ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ወድቆበት፥ ሰው በሌለበት ደሴት አራት ዓመት ብቻውን ስለ ኖረ ሰው የሚናገር ነው። ዋናው ተዋናይ ቶም ሃንክስ በብቸኝነትና በረኃብ የተጐዳ ሰው መስሎ ለመታየት ሰውነቱን እንዲያከሳ፥ ጠጕሩንና ጢሙንም እንዲያሳድግ ተብሎ ቀረጻው ለአንድ ዓመት ያህል ተቋርጦ ነበር። አንድን ሰው በደሴት ላይ ብቻውን አስቀምጦ፥ ሙዚቃ እንኳ ሳይጨምር፥ ተመልካቹን ያን ያህል ጊዜ ይዞ መቈየት በሆሊውድ ያልተለመደ ድፍረት ነው። ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት የታየው ቅምሻ ግን ሰውየው ከደሴቲቱ ወጥቶ፥ ጢሙን ተላጭቶ፥ ወደ አገሩ ተመልሶ፥ ከሚወዳት ሴት ጋር ሲገናኝ አሳየ።

ዜሜኪስ ስለዚህ ነገር ሲጠየቅ የሰጠው መልስ ቅን ነበር። እርሱ እንደ ፊልም አፍቃሪ አስቀድሞ ማወቅን እንደማይወድ፥ ነገር ግን የፊልም ገበያ እንደሚያስረዳው ሕዝቡ ሊያይ ያለውን ሁሉ ጠንቅቆ ማወቅ እንደሚፈልግ ተናገረ፤ ነገሩንም በማክዶናልድ ምግብ ቤት መሰለው፤ ሰው ወደዚያ የሚሄደው ጣዕሙ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ስለሚያውቅና የሚያስደንቀው ነገር ስለማይገጥመው ነው አለ።

ይህ መልስ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ከወር ደመወዙ ቀንሶ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ሲኒማ የሚሄድ ሰው ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል ማወቅ መብቱ ነው፤ ስለ ጥበብ የምንጽፍ ሰዎች ደግሞ የቲኬት ዋጋ የሚያሳስበውን ተመልካች የመርሳት ልማድ አለብን። ሆኖም ምሳሌው ራሱ ተናጋሪውን ይረታዋል። ሳንዱዊች ለመቶኛ ጊዜ ሲበላ ያው ሳንዱዊች ነው፤ ታሪክ ግን የመጀመሪያ ጊዜ ያለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያችን አንዲት ጊዜ ያባከነ ሰው ፊልሙን ዐሥር ጊዜ ቢደግመው አያገኛትም።

በ«ካስት አዌይ» የጠፋው ምን እንደሆነ በደንብ እንመልከት። ሰውየው በገዛ እጁ አስሮ በሠራው የእንጨት ታንኳ ደሴቲቱን ለቅቆ ማዕበሉን ሲጋፈጥ ልባችን ሊሰቀል ይገባ ነበር። ቅምሻውን ያየ ተመልካች ግን በልቡ «ገና ጢሙን ተላጭቶ አላየሁትምና አይሞትም» ብሎ ተረጋግቶ ይቀመጣል። ይህ የቅምሻ ልዩ ጠባይ ነው። አንድ ሰው «ተርፎ ይመለሳል» ብሎ በቃል ቢነግረን ምናልባት እንረሳዋለን፥ ወይም ተሳስቶ ይሆናል ብለን እንጠራጠራለን። በዓይናችን ያየነው ሥዕል ግን እንደ ዕዳ ሆኖ በአእምሯችን ይቀመጣል፤ ፊልሙ እስኪከፍለን ድረስም እያንዳንዱን ትዕይንት ከዚያ ዕዳ ጋር ስናተያይ እንቈያለን። አንዱን ትዕይንት አስቀድሞ ማሳየት ያን ትዕይንት ብቻ ሳይሆን ከእርሱ በፊት ያለውን ሁሉ ያላላል።

ለዜሜኪስ የሚቆም ጠበቃ «የፊልሙ ዋና ነገር ሰውየው መትረፉ ሳይሆን ሲመለስ የሚያገኘው ነው» ሊል ይችላል። ይህ ትክክል ነው፤ የፊልሙ ትልቁ ኀዘን ያለው ከተመለሰ በኋላ ነው። እንግዲያውስ ቅምሻው መመለሱን ነግሮ ቢያበቃ በተስማማን ነበር፤ እርሱ ግን ከዚያም አልፎ ግንኙነቱን ራሱን አሳየ። በሩን ከፍቶ ቢያሳየን በቂ ሲሆን ጓዳ ድረስ አስገባን።

መጨረሻን ማወቅ በራሱ ጥፋት ቢሆን ኖሮ ከጥንት ጀምሮ የተወደዱት ተውኔቶች ተመልካች ባላገኙ ነበር። ኤውሪጲደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ428 ዓመት በአቴና ባቀረበው «ሂፖሊቶስ» በተባለው ተውኔት፥ ገና በመግቢያው አፍሮዲቴ የተባለችው የግሪኮች አምላክ ወጥታ ወጣቱ በዚያው ቀን እንደሚሞት ለተመልካቹ ትናገራለች። ከብዙ ዘመን በኋላ አንዳንድ ሊቃውንት ይህን ልማዱን እንደ ነውር ቈጥረው ቢነቅፉት፥ ጀርመናዊው ሌሲንግ ከ1767 እስከ 1769 በሐምቡርግ በጻፈው የትያትር ሒስ ተከራከረለት፤ ባለቅኔው ኀይሉን ያኖረው በሚሆነው ነገር ላይ ሳይሆን ነገሩ በሚሆንበት መንገድ ላይ ነው አለ። በእኛም አገር ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የተጻፈ ተውኔት ለማየት የሚገባ ሰው መቅደላ ላይ የሚሆነውን የማያውቅ የለም። እያወቀ ይገባል፥ እያወቀም ያለቅሳል።

ሳይንስም በዚህ ክርክር ገብቶበታል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳን ዲዬጎ ሌቪትና ክሪስተንፌልድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች 12 አጫጭር ታሪኮችን ለአንባቢዎች ሰጥተው፥ ፍጻሜው አስቀድሞ የተነገራቸው ሰዎች ካልተነገራቸው ይልቅ ታሪኩን እንደ ወደዱት በ2011 አሳተሙ። በ2015 ደግሞ ጆንሰንና ሮዘንባም የተባሉ ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ጥናት አድርገው ተቃራኒውን አገኙ። ሁለቱም ወገን የመረመረው በጥቂት ደቂቃ የሚነበብ ጽሑፍና አስቀድሞ የተነገረ አንድ አንቀጽ ቃል ነው እንጂ ከሥራው ተቈርጦ የወጣ ሥዕል አይደለም፤ ስለዚህ ለቅምሻው ሠሪ ጠበቃም ከሳሽም ሊሆኑ አይችሉም።

ከኤውሪጲደስ የምንማረው ሌላ ነው። ፍጻሜውን የነገረን እርሱ ራሱ፥ በራሱ ተውኔት ውስጥ፥ በመረጠው ሰዓት ነው። ነግሮን ሲያበቃ ያን ዕውቀታችንን መሣሪያ አድርጎ ይሠራበታል፤ ወጣቱ በኵራት ሲናገር እኛ ሞቱን እያየን ስለምንሰማው ቃሉ ሁሉ ይከብደናል። አልፍሬድ ሂችኮክም በ1962 ከፈረንሳዊው የፊልም አዘጋጅ ከፍራንሷ ትሩፎ ጋር ሲነጋገር ያስረዳው ይህንኑ ነው፤ ከጠረጴዛ ሥር ቦምብ መቀመጡን ተመልካቹ ካወቀ ተራው ጨዋታ ሁሉ ጭንቀት ይሆናል፥ ካላወቀ ግን የሚያገኘው የቅጽበት ድንጋጤ ብቻ ነው አለ። እንግዲህ መንገር ወንጀል አይደለም። ደራሲው ለተመልካች የሚሰጠው አለ፥ እስከ ሰዓቱ ድረስ በአደራ የሚያስቀምጠው አለ። የቅምሻ ሠሪ ጥፋት የሚጀምረው ከተሰጠው አልፎ በአደራ የተቀመጠውን ሲያወጣ ነው። ፊልሙን በጥንቃቄ ያየ ሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ አይጠፋውም።

ለዚህ ከጄምስ ካሜሮን ሁለተኛ «ተርሚኔተር» የተሻለ ማስረጃ አናውቅም። በ1984 በወጣው በመጀመሪያው ፊልም አርኖልድ ሽዋርዜኔገር ከወደፊት ዘመን የተላከ፥ አንዲትን ሴት ለመግደል የሚያሳድድ ርኅራኄ የሌለው መኪና ሆኖ ታየ። በ1991 ሁለተኛው ሲወጣ ካሜሮን ያን ፍርሃት እንደ ወረት ተጠቀመበት። በመክፈቻው ሁለት እንግዶች ከወደፊት ዘመን ይመጣሉ፤ አንደኛው ያው ግዙፉ ሽዋርዜኔገር ነው፥ ሁለተኛው ቀጠን ያለ፥ የፖሊስ ልብስ የለበሰ፥ አነጋገሩ የታረመ ሰው ነው። ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ልጅ ነው። የትኛው ገዳይ የትኛው ጠባቂ እንደሆነ ማንም አይነግረንም፤ ነገር ግን የፊተኛውን ፊልም ያየ ሁሉ የገመተው አለ። ግማሽ ሰዓት ያህል ይህ ግምት እየተመገበ ያድጋል። በመጨረሻም በአንድ የገበያ አዳራሽ ጠባብ የጓሮ መተላለፊያ ልጁ በሁለቱ መካከል ይገባል፤ ሽዋርዜኔገር ጽጌረዳ ከተሞላ ካርቶን ውስጥ ጠመንጃውን ያወጣል፤ «ልጁ አለቀለት» ስንል ልጁን ዝቅ በል ብሎት ፖሊሱን ይመታል። ግማሽ ሰዓት የተደከመው ለዚች ቅጽበት ነበር።

ቅምሻው ግን ሽዋርዜኔገር የልጁ ጠባቂ መሆኑን ፊልሙ ሳይወጣ ለዓለም ሁሉ አወጀ። በዚህ የተነሣ ያን መክፈቻ ካሜሮን እንዳሰበው ያየው ተመልካች ጥቂት ነው፤ ብዙው ሰው የተጠነቀቀበትን እንቈቅልሽ ከነመልሱ ተቀብሎ ገባ። ይበልጥ የሚያስቈጨው፥ ለዚሁ ፊልም ከዚያ ቀደም ብሎ ሌላ ቅምሻ ተሠርቶለት የነበረ መሆኑ ነው። ያን ያዘጋጀው የፊልሙን መኪናዎች የሠራው ባለሙያ ስታን ዊንስተን ሲሆን፥ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ የብረት አፅም ሲገጣጠም፥ ሥጋ ሲለብስ፥ በመጨረሻም ሽዋርዜኔገር ሆኖ ዓይኑን ሲገልጥ ያሳያል። ከታሪኩ አንዲት ነገር አይናገርም፤ ነገር ግን ያየው ሰው ፊልሙን ሳያይ አይቀርም። አንድ ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ትክክለኛውንም ስሕተቱንም ሠራ ማለት ነው።

ሻጩ ከዚህ ምን ተጐዳ ቢባል ምንም አልተጐዳም፤ ፊልሙ በዚያ ዓመት በዓለም ከወጡት ሁሉ የበለጠ ገንዘብ አስገብቷል። የጠፋው በቲኬት መሸጫው መስኰት የሚቈጠር አይደለም። ተመልካቹም ቢሆን የጠፋበትን አያውቀውም፤ ሳይደነግጥ የቀረ ሰው መደንገጥ ይገባው እንደ ነበር በምን ያውቃል? ቅሬታው ብዙ፥ ካሣው ግን ምንም የሆነው በዚህ ምክንያት ይመስለናል።

የፊልም ነጋዴዎች «ካላሳየን አይገዙንም» ለሚሉት መልስ የሚሆናቸው ሂችኮክ በ1960 ለ«ሳይኮ» የሠራው ቅምሻ ነው። ርዝመቱ ከስድስት ደቂቃ በላይ ነው፤ ዛሬ ከሚፈቀደው እጥፍ ያልፋል ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሂችኮክ ራሱ እንደ አስጐብኚ ሆኖ የፊልሙን መንገደኛ ማደሪያና ከበስተኋላው ያለውን አሮጌ ቤት እየዞረ ያሳየናል። ምን ያልነገረን ነገር አለ! በደረጃው ላይ ሰው እንደ ተገደለ ይነግረናል፤ በመታጠቢያ ቤቱም ግፍ እንደ ተፈጸመ፥ አሁን ግን ሁሉ እንደ ጸዳ ይነግረናል፤ በቤቱ ስለምትኖረው ሴትም ያነሣል። ልናውቀው ወደምንጓጓው ነገር ሲቃረብ ግን ንግግሩን ይቈርጥና ወደ ሌላ ክፍል ይወስደናል። ግድያዎቹ የት እንደ ተፈጸሙ ዐውቀን እንወጣለን፤ ማን በማን እንደ ተገደለ ግን አናውቅም። እንዲያውም የነገረን ነገር አንድ ሌላ ነገር እንዳንጠረጥር ያደርገናል።

ይህን ቅምሻ ለመተርጐም ከውጭ አገር የሒስ ቋንቋ መበደር አያስፈልገንም፤ የቅኔ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ሰሙ በአደባባይ ተዘርግቷል፥ ወርቁ ከሥሩ ነው። ባለቅኔው ሲዘርፍ ከጐኑ ያለ አንድ ችኩል ሰው ወርቁን ጮኾ ቢናገር ከጉባኤው የሚቀማው ዕውቀትን አይደለም፤ ወርቁ ጥቂት ቈይቶ ለሁሉም መገለጡ አይቀርምና። የሚቀማው ሰሙን ሰንጥቆ ራሱ የማግኘትን ደስታ ነው። ሂችኮክ ስድስት ደቂቃ ሙሉ ሰም ሰጠን። በመጨረሻ የመታጠቢያውን መጋረጃ በድንገት ሲገልጠው የምትጮኸው ሴት እንኳ ዤኔት ሊ አይደለችም፤ በእርሷ ፈንታ የፊልሙ ሌላ ተዋናይ ቬራ ማይልስ ሰው ሠራሽ ጠጕር አጥልቃ ቆማለች። ከዚህም ሌላ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም ሰው ወደ አዳራሹ እንዳይገባ አስከለከለ። አደራ ጠባቂ ማለት ይህ ነው።

ታዲያ ሌላው ለምን እንዲህ አያደርግም? ምክንያቱ ክፋት አይደለም፤ አሠራሩ ነው። ቅምሻውን ለዚሁ የተቋቋሙ ቤቶች ይሠሩታል፤ ከአንድ ፊልም ልዩ ልዩ ዓይነት ይዘጋጅና ለናሙና ለተሰበሰቡ ሰዎች ይታያል፤ ብዙውን ሰው «ይህንስ አየዋለሁ» ያሰኘው ይመረጣል። ብዙ የነገረ ቅምሻ በዚህ ፈተና ጥቂት የነገረውን ሊረታው እንደሚችል ግልጽ ነው፤ ፈተናው ቅምሻው ሲያልቅ የሚሰማውን ፍላጎት ይለካል እንጂ ፊልሙ ሲያልቅ የሚሰማውን እርካታ አይጠይቅምና። አዘጋጁ ብዙ ጊዜ በዚህ ውስጥ ድምፅ የለውም። በ2015 የወጣው «ተርሚኔተር ጄኔሲስ» የፊልሙን ትልቅ ምስጢር በቅምሻው ሲያወጣ አዘጋጁ አለን ቴይለር በነገሩ እንዳልተደሰተ ለጋዜጠኞች ሳይደብቅ ተናገረ፤ ከመናገር በቀር ግን ያደረገው የለም። በዚያው የታሪክ ሐረግ፥ ከ24 ዓመት በኋላ፥ ያው ጥፋት መደገሙ የሚያስገርም ነው።

የሲኒማ ቤት ባለቤቶች በ2014 በአሜሪካ ያወጡት መመሪያ ቅምሻ ከሁለት ደቂቃ እንዳይበልጥ ጠየቀ። የቀድሞው ልማድ ሁለት ደቂቃ ተኩል ነበር፤ መመሪያውም በፈቃደኝነት የሚፈጸም ነው። ሠላሳ ሰከንድ መቀነስ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አደራ ለማውጣት ሦስት ሰከንድ ይበቃል። ፍርድ ቤትም ቢሆን የሚመረምረው ቅምሻው ዋሽቶ እንደሆነ ነው፤ በ2022 አንድ የካሊፎርኒያ ፌዴራል ዳኛ በቅምሻው ታይታ በፊልሙ ስለሌለች ተዋናይት በቀረበ ክስ ቅምሻ እንደ ማንኛውም የንግድ ማስታወቂያ ሊጠየቅ እንደሚችል ወስነዋል። እውነቱን ያለ ጊዜው ስለ ተናገረ ግን የሚከሰስበት ሕግ የለም፥ ሊኖርም አይችልም።

ስለዚህ የሚቀረው በአዘጋጆችና በአሠሪዎቻቸው መካከል የሚደረገው ውል ነው። አዘጋጁ የፊልሙን የመጨረሻ ቅንብር የመወሰን መብት ሲዋዋል የቅምሻውንም እንዲጨምር እንመክራለን፤ ይህ የሚቻል መሆኑ በ1941 ታይቷል። ኦርሰን ዌልስ ገና በ25 ዓመቱ ከአርኬኦ ኩባንያ ሰፊ ሥልጣን ተሰጥቶት «ሲትዝን ኬን»ን ሲሠራ ቅምሻውንም በራሱ አሳብ አሰናዳው። ርዝመቱ አራት ደቂቃ ያህል ሲሆን ከፊልሙ ከራሱ ተቈርጦ የገባበት ነገር የለም ማለት ይቻላል። የድምፅ ማጉያ ይታያል፥ የዌልስ ድምፅ ይሰማል፥ ፊቱ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይታይም። በማያውቋቸው ተዋንያን ላይ እየቀለደ አንድ በአንድ ያስተዋውቃል፤ ከዚያም የታሪኩ ሰዎች ስለ ኬን ይናገራሉ፥ አንዱ ሲያመሰግን ሌላው ይረግማል፥ አንዲቷ ስትወደው ሌላው ይጠላዋል። በመጨረሻ ዌልስ ኬን ጀግናም ወራዳም መሆኑን፥ ነገሩም እንደ ተናጋሪው እንደሚለያይ ከተናገረ በኋላ፥ ፍርዱን ተመልካቹ ራሱ መጥቶ እንዲሰጥ ይጠይቃል።